«ተጨማሪ» የተባለው ምትክ፦ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምናና የንጥረ ምግብ እጥረት ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሳይንስ ታሪክ መምህር ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ማን ምን መዋጥ እንዳለበት ሳይሆን፣ መዋጥ እንዳለበት መቼ እንደታወቀ ነው። ክብደት ለመቀነስ ጨጓራው የተቆረጠ ወይም አንጀቱ አቅጣጫ የተቀየረበት ሰው ቫይታሚንና ማዕድን ዕድሜውን ሙሉ መውሰድ እንዳለበት ዛሬ ማንኛውም የዘርፉ መመሪያ ይደነግጋል። የዚህ ደንብ አመጣጥ ሲተረክ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይባላል፦ ቀዶ ሐኪሞች አዲስ ነገር ፈለሰፉ፤ ጉዳቱን በሒደት አዩ፤ ከዚያ መፍትሔውን ተማሩ። እኔ ይህን ትረካ አልቀበለውም። ከዋና ዋናዎቹ ጉዳቶች አብዛኞቹ ቀዶ ሕክምናው ከመፈልሰፉ በፊት ተገልጸው፣ መንስኤያቸው ታውቆ፣ መድኃኒታቸውም በፋርማሲ ይሸጥ ነበር። ዕውቀቱ ነበረ፤ ነገር ግን በሌላ የትምህርት ክፍል፣ በሌላ በሽታ ስም ተመዝግቦ ተቀምጦ ነበር።

ከ1881 ልጀምር። በዚያ ዓመት በጥር ወር ቪየና ላይ ቴዎዶር ቢልሮት ካንሰር የያዘውን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ ቀሪውን ከአንጀት ጋር በመስፋት ታካሚዋን ከቀዶ ሕክምና ክፍል በሕይወት ለማውጣት ቻለ። ታካሚዋ ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው በሽታ ብትሞትም፣ ሰው ጨጓራው ተቆርጦም መብላት እንደሚችል ተረጋገጠ። በዚያው ዓመት በርሊን ውስጥ ይሠራ የነበረው ካርል ቬርኒከ የሦስት ሰዎችን ሕመም ገለጸ፦ ዓይናቸው እንደልብ አይንቀሳቀስም፣ አረማመዳቸው ይንገዳገዳል፣ አእምሯቸው ይዋዥቃል። ሁለቱ መጠጥ አብዝተው የሚጠጡ ወንዶች ነበሩ። ሦስተኛዋ ግን የሃያ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሰልፈሪክ አሲድ ጠጥታ የጨጓራዋ መውጫ በጠባሳ ጠቦ፣ የበላችውን ሁሉ ታስመልስ ነበር።

ይህችን ሴት ልብ በሉልኝ። የሕክምና ተማሪዎች በሽታውን ሲማሩ ሁለቱን ጠጪዎች ያስታውሳሉ፤ እርሷን ይረሳሉ። የቬርኒከ በሽታ ለአንድ ምዕተ ዓመት «የሰካራሞች በሽታ» ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ታካሚዎች አንዷ የታመመችው ጨጓራዋ ጠቦ በማስመለሷ ነበር። መንስኤው ቲያሚን የተባለው ቫይታሚን ቢ1 እጥረት መሆኑ በኋላ ታወቀ። ቫይታሚኑ በ1926 በጃቫ ከሩዝ ፉርሽካ ተለይቶ ወጣ፤ በ1936 ደግሞ በፋብሪካ ሊሠራ ቻለ። ሰውነታችን የሚያከማቸው ቲያሚን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ ነው።

ሁለተኛው ሰነድ የሚገኘው ቦስተን ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ዊልያም ካስል አደገኛ በሚባል የደም ማነስ ዓይነት ለሚሠቃዩ ሰዎች ሥጋ ቢመግብ ለውጥ አላየም። ሥጋውን ግን መጀመሪያ ጤናማ ሰው እንዲበላው አድርጎ፣ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ በቱቦ ከጨጓራው አውጥቶ ለታማሚዎቹ ሲሰጣቸው ደማቸው ማገገም ጀመረ። ሙከራው ደስ የሚል እንዳልሆነ አልክድም፤ በአመክንዮው ግን ካነበብኳቸው ሁሉ ንጹሑ ነው። ጤናማ ጨጓራ የሚያመነጨው፣ ታማሚዎቹ የጎደላቸው አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ሥጋ ውስጥ ያለው ሌላው አጋር ቫይታሚን ቢ12 ሆኖ በ1948 በአሜሪካና በእንግሊዝ በየፊናው ተለይቶ ወጣ። እንግዲህ በ1948 ማንም አንባቢ ሐኪም ጨጓራ የምግብ ከረጢት ብቻ እንዳልሆነ፣ ካለ እርሱ ቢ12 በአግባቡ ወደ ደም እንደማይገባ ማወቅ ይችል ነበር።

ሦስተኛው ቦታ ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ለታሪክ ተማሪ እጅግ የሚያስገርመው ምናልባት ይህ ነው። በ1944 እና 1945 አንሰል ኪስ በዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ሥር በሚገኝ ቤተ ሙከራ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር በከፊል ረኃብ አቆይቶ ሰውነትና መንፈስ እንዴት እንደሚደክሙ መዘገበ። ውጤቱ በ1950 በሁለት ጥራዝ ታተመ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ክሬመንና ባልደረቦቹ የትንሹን አንጀት የላይኛውን ወይም የታችኛውን ክፍል ከምግብ መንገድ ውጭ ቢያደርጉት ምን እንደሚሆን በውሾች የሞከሩበትን ጥናት አሳተሙ፤ ሰውን ለማክሳት የተደረገ ቀዶ ሕክምናም በዚያው ተያይዞ ተነሣ። ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ግቢ ነበሩ። አንዱ የምግብ እጥረት ምን እንደሚያደርግ ሲያጠና፣ ሌላው የምግብ እጥረትን በስፌት ይሠራ ነበር።

«በስፌት የተሠራ እጥረት» ያልኩት ለማጋነን አይደለም፤ የቀዶ ሕክምናው ሐሳብ ራሱ ያ ነበር። በሎስ አንጀለስ ፔይንና ዲዊንድ ከ1956 ጀምረው የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ከትልቁ አንጀት ጋር አገናኙ። እቅዳቸው ሰውየው ሲከሳ መልሶ መቀጠል ነበር። ሲቀጥሉት ክብደቱ ተመለሰ፤ ሳይቀጥሉት ሲተዉት ተቅማጡና የማዕድን መዛባቱ የሚቻል አልሆነም። በኋላ መጠኑን አሻሽለው 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ከላይኛው፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከታችኛው የትንሹ አንጀት ክፍል ብቻ ምግብ እንዲያልፍበት አደረጉ። ሜትሮች የሚረዝመው ቀሪው አንጀት ሆድ ውስጥ ሥራ ፈት ሆኖ ተቀመጠ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እጅግ ብዙ ሰዎች ይህን ቀዶ ሕክምና አደረጉ፤ ከሱም።

ከዚያስ? ያልተዋሐደው ስብ ካልሲየሙን ይዞት ስለሚወጣ፣ ብቻውን የቀረው ኦክሳሌት በትልቁ አንጀት በኩል ወደ ደም ገብቶ የኩላሊት ጠጠር ሆነ። ከስብ ጋር ቫይታሚን ኤ ስለባከነ አንዳንዶቹ በዳፍንት ተያዙ፤ አባቶቻችን በረኃብ ዘመን የሚያውቁት ዳፍንት በካሊፎርኒያ ታየ ማለት ነው። ሥራ በፈታው አንጀት ባክቴሪያ ተራብቶ መገጣጠሚያን አሳመመ። ከሁሉ የከፋው የጉበት መድከም ሲሆን፣ በዚያ የሞቱ አሉ። እስከ 1980 ገደማ ቀዶ ሕክምናው ተተወ፤ የብዙዎችም ሆድ እንደገና ተከፍቶ አንጀታቸው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ።

የዛሬው ጋስትሪክ ባይፓስ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰን፣ ለጨጓራ ቁስለት ሲባል አብዛኛው ጨጓራቸው የተቆረጠ ሴቶች ክብደት መጨመር እንደሚቸግራቸው አስተዋለ። በ1966 ይህን ከቺካሺ ኢቶ ጋር ሆኖ ለውፍረት ሕክምና አዋለው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሐሳቡ የተወሰደው ከቁስለት ታካሚዎች ከሆነ፣ የእነዚያው ታካሚዎች መዝገብ የብረት እጥረትን፣ የደም ማነስንና የአጥንት መሳሳትን አብሮ ይዞ ነበር። ክብደቱን ከመዝገቡ ያነበበ ሁሉ ደሙንም ሊያነብ ይችል ነበር። በዘመኑ ግን ቀዶ ሕክምና የሚለካው በሚዛን ነበር፤ ሚዛን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይነግራል።

ሜሰንን በግል ለመውቀስ አልፈልግም፤ ዕድሜውን ሙሉ ታካሚዎችን በጥንቃቄ ስለ መከታተል የወተወተ ሰው ነው። ችግሩ የጊዜ ነበር። በባይፓስ አዲስ የሚሠራው ትንሽ ጨጓራ የሚይዘው 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የቡና ሲኒ ግማሽ ማለት ነው። ምግቡ ብረትና ካልሲየም በብዛት የሚገቡበትን የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል፤ ካስል ያገኘው የጨጓራ ፍሬም ከምግቡ ጋር በወቅቱ አይገናኝም። ጉበት ግን የዓመታት ቢ12 ቆጥቦ ያስቀምጣል። ስለዚህ ታካሚው በመጀመሪያው ዓመት ከስቶ፣ ደስ ብሎት፣ የደም ምርመራውም ጤናማ ሆኖ ይታያል። ጥናቱ በሁለት ዓመት ከተዘጋ የሚጻፈው «ተሳክቷል» ተብሎ ነው። የእግር መደንዘዙ የሚመጣው መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ፣ ያውም ወደ ሌላ ሐኪም ነው።

ቲያሚን ደግሞ በተቃራኒው በሳምንታት ያልቃል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ጨጓራቸው እንዲጠብብ ከተደረጉ ሰዎች መካከል ደጋግመው ያስመለሱት በነርቭ ሕመም፣ አንዳንዶቹም በቬርኒከ በሽታ እንደተያዙ የሚገልጹ ጽሑፎች መውጣት ጀመሩ። ጠበብቱ እንደ አዲስ ግኝት አቀረቡት። የ1881ዋ ልብስ ሰፊ ግን እዚያው ነበረች። ጉዳዩን የሚያከብደው፣ ታካሚዋ ደክማ ስትመጣ መጀመሪያ የሚሰጣት ግሉኮስ መሆኑ ነው። ስኳሩን ለማቃጠል ሰውነት ቲያሚን ይፈልጋል፤ ቀድሞ ወይም አብሮ ካልተሰጠ የቀረችውን ጥቂት ቲያሚን ጨርሶ አንጎልን ይጎዳል።

ስለ ፕሮቲን አንድ ነገር ልበልና ወደ ዘመናችን ልምጣ። በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በጄኖዋ ኒኮላ ስኮፒናሮ የሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ ከምግብ ጋር ዘግይቶ እንዲገናኝ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና አስተዋወቀ። ክብደት በመቀነስ ረገድ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ከታካሚዎቹ አንዳንዶቹ ግን ፕሮቲን አንሷቸው እግራቸው አበጠ። ይህን ምልክት ሲስሊ ዊልያምስ በ1930ዎቹ ጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ጡት በጣሉ ሕፃናት ላይ አይታ በአገሬው በጋ ቋንቋ «ኳሺዮርኮር» ብላ ለዓለም አስተዋውቃዋለች። የድሃ አፍሪካዊ ሕፃን በሽታ ተብሎ የተመደበ ነገር በሠለጠነ ሆስፒታል፣ በሐኪም እጅ ተሠርቶ ሲገኝ የበሽታ ምደባችን ምን ያህል በቦታና በመደብ እንደታሰረ ያሳያል።

መመሪያዎቹ ዘግይተው መጡ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ1991 ያወጡት የስምምነት ሰነድ የዕድሜ ልክ ክትትልን ጠቀሰ። ዝርዝር የሥነ ምግብ መመሪያ ከዘርፉ የአሜሪካ ማኅበር የወጣው በ2008 ነው፤ ከሜሰን የመጀመሪያ ቀዶ ሕክምና 42 ዓመት በኋላ። የማኅበሩ የ2016 ማሻሻያ በቀን ቢያንስ 12 ሚሊ ግራም ቲያሚን፣ ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ የወር አበባ ለሚያዩ ሴቶችና ባይፓስ ለተሠራላቸው ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ይላል። ብረቱና ካልሲየሙ ስለሚሻሙ በተለያየ ሰዓት ይወሰዳሉ። ካልሲየሙም ሲትሬት የተባለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ካርቦኔቱ አሲድ ይፈልጋልና፣ አሲድ ደግሞ ቀንሷል።

እነዚህን እንክብሎች በአማርኛ «ተጨማሪ ንጥረ ምግብ» እንላቸዋለን። ቃሉ ያሳስታል። ተጨማሪ በበቂ ላይ የሚታከል ነው፤ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረውም ተጨማሪው ነው። እዚህ ግን እንክብሉ የአንድን አካል ሥራ ተክቶ የሚሠራ ስለሆነ ምትክ ነው። የስኳር በሽተኛን ኢንሱሊን ማንም «ተጨማሪ» አይለውም። የቃሉ ጉዳይ የቢሮም ጉዳይ ነው፤ በብዙ አገሮች «ተጨማሪ» የተባለውን የጤና መድን አይከፍልለትም፤ ቀዶ ሕክምናውን የከፈለው መድን ቀሪውን የሠላሳ ዓመት ወጪ ለታካሚው ይተወዋል።

በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረገ አማርኛ ተናጋሪ የሚሰጠው ወረቀት ደግሞ ለሌላ ማዕድ የተጻፈ ነው። «ፕሮቲኑን አስቀድም፣ ዳቦውን አስከትል» ይለዋል፤ እንጀራና ወጥ ግን በአንድ ጉርሻ ነው የሚገቡት። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ይለዋል፤ ከሽሮ ብቻ ይገኝ ቢባል 300 ግራም ገደማ ደረቅ ዱቄት ይጠይቃል፣ በግማሽ ሲኒ ጨጓራ። ለምእመናን በዓመት ወደ 180 የሚጠጉት የጾም ቀናት ከተፈጥሮ ምግብ ቢ12 የማይገኝባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሐኪሙ ብቻ ሳይሆን የንስሐ አባትም ጭምር ነው። በጤፍ ብረት የሚተማመንም አለ፤ ነገር ግን በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ የተቀላቀለ የአፈር ብረት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ከምግብ በኋላ የሚመጣው ቡና ደግሞ፣ አቦሉም ቶናውም፣ የብረት እንክብሉን ጉልበት ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ለአገራችን ማዕድ አስተካክሎ በአማርኛ መጻፍ ለሥነ ምግብ ክፍል ባልደረቦቼ የሚመች የመመረቂያ ጥናት ይመስለኛል።

አሁን ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው በላፓሮስኮፒ፣ በጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይሠራል። ዛሬ በዓለም በብዛት የሚሠራው ስሊቭ የተባለው፣ የጨጓራውን ሦስት አራተኛ ያህል ቆርጦ የሚያስወግደው ነው። ጠባሳው ጥቂት ነጥብ ነው፤ በዓመታት ይደበዝዛል። አንዲት ሴት ከባሕር ማዶ ከተመለሰች ከስምንት ዓመት በኋላ እግሬ ደነዘዘ ብላ ከአገር ቤት ሐኪም ዘንድ ብትቀርብ፣ ሐኪሙ ስኳር ይመረምራል፣ ኤች አይ ቪ ይመረምራል፤ ሆዷን አይቶ ግን ላይገምት ይችላል። በቤተሰቧ ዘንድ «በስፖርት ነው የከሳሁት» ብላ ከሆነም እርሷ አትነግረውም። ቢ12 ያጣ ነርቭ ቶሎ ከተደረሰበት ያገግማል፤ ከዘገየ አያገግምም። በሕመም ታሪክ ቅጻችን ላይ «ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎታል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ሥር «ክብደት ለመቀነስም ቢሆን» የሚል አንድ መስመር እንዲታከል ለሕክምና ባልደረቦቼ ሐሳብ አቀርባለሁ።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።