ስመ ሀገርና ስመ ሰው በጨርጨር

ከአዲስ አበባ በአዋሽና በሚኤሶ በኩል ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ ወደ ጨርጨር ደጋ ሲወጣ የሚያገኛት ከተማ ሁለት ስም አላት። ኦሮሞው ከጥንት ጀምሮ ጭሮ ይላታል፤ በመንግሥት ደብዳቤ ግን ብዙ ዘመን የተጻፈችው አሰበ ተፈሪ ተብላ ነው። ይህ ሁለተኛው ስም ከልዑል ተፈሪ መኮንን የመጣ ነው፤ ልዑልም በአልጋ ወራሽነታቸው ዘመን ጨርጨር ለሌላው አውራጃ የሥልጣኔ ምሳሌ እንዲሆን አስበው ለተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሰጥተውት ነበር።

ስሙ ሲጻፍ ሁለተኛው ፊደል በግዕዝ «ሰ» ቢሆን ግሥ ነው፤ ተፈሪ አሰበ፣ ዐቀደ ማለት ይሆናል። በሳድስ «ዐስበ ተፈሪ» ተብሎ ቢነበብ ግን፣ ዐስብ በግዕዝ ቋንቋ ዋጋ፣ ደመወዝ ማለት ስለ ሆነ፣ ትርጓሜው የተፈሪ ዋጋ፣ የተፈሪ ብድራት ይሆናል። ፈረንጆች በካርታቸው «አስባ ተፈሪ» እያሉ መጻፋቸው ለዚህ ለኋለኛው ንባብ ይቀርባል፤ በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚሰማው ግን የፊተኛው ነው።

ተፈሪ የሚለው ራሱ የሚፈራ፣ የሚከበር ማለት ነው። ልዑል ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረር ምድር በኤጀርሳ ጎሮ በተወለዱ ጊዜ ይህ የዓለም ስማቸው ሆነ፤ የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚወጣው የክርስትና ስም በጸሎትና በፍትሐት ጊዜ ካልሆነ በቀር በአደባባይ እምብዛም አይነሣም። በእርሳቸው ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የተሰወረው ስም የመንግሥት ስም ሆኖ ወጣ፤ የታወቀውም ስም ተሰወረ። ተፈሪ የሚለው ስም የቀረው ከዚያ አስቀድሞ በተሰየሙት ነገሮች ላይ ነው፤ በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትና በዚህችው በጨርጨር ከተማ። ከባሕር ማዶም በጃማይካ ደሴት ንጉሡን ተስፋ ያደረጉ ሰዎች ራሳቸውን ራስ ተፈሪያን ሲሉ፣ የወሰዱት የዘውዱን ስም ሳይሆን የቀድሞውን ማዕርግና የዓለሙን ስም ነው።

ጣልያን ሀገሩን በወረረ ጊዜ በከተማዋ ስም ላይ እጁን አነሣ፤ «አስባ ሊቶሪያ»ም አላት። ሊቶሪያ በጥንቱ የሮማ ዘመን በሹም ፊት በትርና መጥረቢያ አሥረው ይሄዱ ከነበሩት አሽከሮች ስም የመጣ፣ ፋሽስቶች የወደዱት ቃል ነው። የሚያስደንቀው ግን ተፈሪ የሚለውን ፍቀው ዐስብ የሚለውን መተዋቸው ነው፤ የማን ዐስብ እንደ ሆነ ብቻ ለወጡት። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲወጣ ስሙም አብሮት ወጣ። ዛሬ በኦሮሚያ ክልል መዝገብ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ሆና የተጻፈችው በጥንቱ ስሟ ጭሮ ተብላ ነው፤ አሰበ ተፈሪ የሚላትም ሰው አልጠፋም። ጎረቤቷ በዴሳ ግን ማንም ሹም ስሟን አልለወጠባትም፤ ቃሉ በኦሮምኛ ዶቅማ የሚባለው ዛፍ ስም ነው።

አገረ ገዥው ተክለ ሐዋርያትም ስለ ስም ሌላ ነገር ያስተምራሉ። ተክለ ሐዋርያት የሐዋርያት ተክል፣ አባታቸው ተክለ ማርያም የማርያም ተክል ማለት ነው። ልጃቸው፣ «አርአያ» የሚባለውን መጽሐፍ የደረሱት፣ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተባሉ። እንግዲህ አያትየው ተክለ ማርያም በልጅ ልጃቸው ስም ውስጥ የሉም። ፈረንጅ ይህን ሲያይ የቤተ ዘመዱን ስም ይፈልጋል፤ ሲያጣም «ተክለ»ን ከ«ሐዋርያት» ለይቶ፣ «ኃይለ»ን ከ«ሥላሴ» ቈርጦ፣ ሰውየውን «አቶ ሐዋርያት»፣ «አቶ ሥላሴ» ያደርገዋል፤ ተሸካሚውን ጥሎ ሸክሙን እንደ መጥራት ነው። ረኔ ዳቪድ የሚባል የፈረንሳይ የሕግ ሊቅ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ለሰው ሁሉ የቤተ ዘመድ ስም ይኑረው ብሎ ደንግጎ ነበር። ድንጋጌው በመጽሐፍ ቀረ እንጂ በሕዝቡ አልተለመደም፤ ሚስትም ብታገባ በአባቷ ስም መጠራቷን አልተወችም። የኢቱ ኦሮሞም ቢሆን ወገኑን የሚያውቀው በአንድ የማይለወጥ ስም ሳይሆን አባትን ከአባት እየቈጠረ ወደ ጎሣው በመድረስ ነው።

ስለዚህ በዚህ አገር ስም የሚያወጣ ወላጅ ሁሉ እንደ አዲስ ያወጣል፤ የሚያወጣውም የልቡን ነው። አስቀድሞ ልጅ የሞተበት ሰው ምትኬ፣ ካሣ፣ ማስረሻ ይላል፤ ኦሮሞውም ደቢሳ፣ መለሰልኝ እንደ ማለት። በጭሮ ገበያ ብርሃኑ፣ ኢብሳና ኑሪ የሚባሉ ሦስት ሰዎች ቢገናኙ፣ አንዱ በአማርኛ፣ ሁለተኛው በኦሮምኛ፣ ሦስተኛው በዐረብኛ፣ ስማቸው ሁሉ ከብርሃን የወጣ ነው። ገብረ እግዚአብሔርና አብዱላሂም በትርጓሜ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር አገልጋይ ማለት ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የሚጥመው አብዲ የሚለው ስም ነው። በኦሮምኛ ተስፋ ማለት ነው፤ በዐረብኛ ግን ዐብድ ከሚለው፣ አገልጋይ ከሚባለው ቃል ይወጣል። የክርስቲያን ልጅ ቢሆን ኖሮ ስሙ ሲተረጐም ተስፋዬም ገብሬም ይሆን ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ እናት በኦሮምኛው አስባ፣ ቁርኣን የቀራ አባት በዐረብኛው አስቦ ይጠሩታል፤ ልጁም ለሁለቱ አንድ ጊዜ «አቤት» ይላል።