ነፋስና መርፌ

በሳጉሬ ነፋስን አጥርቶ የሚያውቅ ገበሬ ነው። ገብሱን በአውድማ አበራይቶ ይጠብቃል፤ ነፋሱ ሲመጣ በላይዳ ወደ ላይ ይበትነዋል። ነፋሱ ቢደክም ፍሬው አይጠራም፤ ቢበረታ ደግሞ ፍሬው ከገለባው ጋር ይሄዳል። እኛም በክር ተይዞ የሚበረውን ካይት ስንሠራ የተማርነው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ነፋስ የየራሱን ሥራ ይጠይቃል።

ካይት በቻይና ከ2000 ዓመት በላይ የታወቀ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1752 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ስለ መብረቅ በጻፈው ደብዳቤ ከወረቀት ይልቅ ሐርን መርጧል፤ ሐር ዝናብንና ነፋስን ሳይቀደድ ይችላልና። በ1893 ሎሬንስ ሃርግሬቭ በአውስትራሊያ የሣጥን ቅርጽ ያለውን ካይት ሠራ፤ በማግሥቱ ዓመት አራት ካይቶች ቀጣጥሎ ራሱን ከምድር አስነሣ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን የ1948ቱ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ሮጋሎ ዘንግ የሌለው ካይት ባሰበ ጊዜ ባለቤቱ ገርትሩድ ከወጥ ቤት መጋረጃ ሰፋችለት። የፈጠራው መብት በ1951 ሲሰጥ የሁለቱም ስም ተጻፈበት። ሰው ተንጠልጥሎ የሚበርበት የጨርቅ ክንፍ ከዚያ ስፌት የመጣ ነው።

ለደካማ ነፋስ ሰፊና ስስ ጨርቅ፣ ቀጭን ሸምበቆም ይበቃል። ለብርቱ ነፋስ ጠርዙ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይሰፋል፤ ጅራቱ ይረዝማል፤ የክሩም መያዣ ወደ አናቱ ከፍ ይላል። በተጨማሪም አገራችን ከባሕር ጠለል 2500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በዝቅተኛ አገር የተለካውን ካይት እንዳለ መቅዳት አይበቃም፤ ጨርቁን በሩብ ያህል ማስፋት ይገባል። የሌላውን ትምህርት ተቀብሎ ለራስ አገር መለካት ማለት ይህ ነው።

ዛሬ በአዳማ ከ2012 ጀምሮ ይኸው ነፋስ መብራት ያመነጫል። እንግዲህ ወንድሞቻችን፣ መርፌ መያዝን አትናቁ፤ እኅቶቻችንም፣ የምትሰፉት ከመጋረጃ እንደሚያልፍ እወቁ። ወላጆቻችን ሆይ፣ ቁራጭ ጨርቅ ስንለምናችሁ አትከልክሉን። እኛም ከኤሌክትሪክ ሽቦ ርቀን፣ ደመናም ሲጠቁር ክራችንን ጠቅልለን እንገባለን።