የኖራ ውሃ

አጎቴ የተወለደው ምጽዋ ነው። የልጅነት ቤቱ ግድግዳ ከኮራል ድንጋይ የታነጸ ነበር፤ የድንጋዩ ሻካራነት ዛሬም በመዳፉ ላይ እንዳለ ይነግረኛል። በ1990 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጦርነት ከተማዋን ሲያነዳት ወጣ፤ አልተመለሰም። ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለች ጠባብ ቤቱ 60 ሊትር የምትይዝ የመስተዋት ባሕር አለችው። ስንደዋወል ከጤናው አስቀድሞ የሚነግረኝ የካልሲየሙን ልክ ነው። «ዛሬ 380 ወርዷል» ሲለኝ ድምፁ ልጅ የታመመበት አባት ድምፅ ይመስላል።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁጥር ሰውን ሲያስጨንቅ ማየት ለእኔ አዲስ አይደለም። የዚህ ቁጥር ጭንቀት ግን ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ታሪኩን ማገላበጥ ያዝሁ።

በ1846 አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት ከቶርኪ ባሕር ዳርቻ ኮራሎችን ወደ ለንደን ወሰደች። ውሃው አየር እንዲያገኝ የቤት ሠራተኛዋ በተከፈተ መስኮት ፊት ከዕቃ ወደ ዕቃ ትገለብጠው ነበር። በ1854 ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ከባሕር ርቀው ለሚኖሩ የሰው ሠራሽ ባሕር ውሃ ቀመር አወጣ። አራት ዓይነት ጨው ነበረበት፤ ኖራ ግን አልነበረበትም።

ኮራል አጽሙን የሚያንጸው በውሃው ውስጥ ከሟሟው ካልሲየምና ከባይካርቦኔት ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ 420 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይገኛል። ውቅያኖስ ሰፊ ነው፤ ወንዞችም ይመግቡታል። በ60 ሊትር ውስጥ ግን የሚያድግ ኮራል ተቀማጩን በጥቂት ቀናት ያጎድለዋል፤ ወጪ እንጂ ገቢ የሌለው ሒሳብ ማለት ነው።

በ1961 የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ ሕይወት ያዘለ ድንጋይ ከባሕር አምጥቶ በአየር አረፋ ብቻ እንዴት እንደሚጠብቀው ጻፈ። በ1970ዎቹም በጀርመንኛ ይጽፍ የነበረው ፒተር ዊልከንስ መፍትሔውን አስተዋወቀ፤ የኖራ ውሃ። እኛ ግድግዳ የምንቀባበት፣ የጎንደር ግንብ ድንጋዮች የተያያዙበት ያው ኖራ! በውሃ ሟሙቶ ሲጠል ካልሲየሙንም አልካላይኒቲውንም ባንድነት ይተካል።

ኃይሉ ግን ብርቱ ነው፤ ፒኤቹ ከ12 ያልፋል። ስለዚህ በተነነው ውሃ ምትክ ጠብ፣ ጠብ እያለ ይገባል፤ ይልቁንም በሌሊት፣ ብርሃን ጠፍቶ የባሕሪቱ ፒኤች ዝቅ በሚልበት ሰዓት። አጎቴ አንድ ማታ ደክሞት የሌሊቱን ድርሻ ባንዴ ገለበጠው። ውሃው ወተት መሰለ፤ ካልሲየሙ ዱቄት ሆኖ ዘቀጠ። ሲነጋ ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት ኮራል ሞታ ነበር። ያን ዕለት በስልክ ስለ ኮራሏ አላወራኝም። ስለዚያ ግድግዳ ብቻ አወራኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠብታውን ሳይቆጥር አይተኛም። እንዲህ አልሁለት፦

ከባሕሯ ርቃ፣ በመስተዋት አድራ፣
ዓመታት ቆጠረች፣ በአንዲት ጠብታ ኖራ።