ቁጥሩን ስዕል ያደረጉት እጆች

ሳይንስ ሲባል ቶሎ የሚታየን ግኝቱና የአግኚው ስም ነው። በግኝቱና በእኛ ዐይን መካከል ግን ብዙም የማይወራለት አንድ ሥራ አለ። ኮምፒውተር አስልቶ የተፋውን የቁጥር ክምር፣ ሰው አይቶ ሊፈርድበት ወደሚችል ስዕል የመለወጥ ሥራ ነው። ዛሬ የምናወጋው የዚህን ሥራ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከ1950 እንጀምር። በዚያ ዓመት ጁል ቻርኒና ባልደረቦቹ ሜሪላንድ፣ አበርዲን ወደሚገኘው ኢኒያክ ወደተባለው ግዙፍ ኮምፒውተር ሄዱ። ለ33 ቀንና ሌሊት በፈረቃ እየተተካኩ በኮምፒውተር የተሰላውን የመጀመሪያውን የአየር ትንበያ ሠሩ። የ24 ሰዓት ትንበያ ለማውጣት 24 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው፤ ነገን ለማወቅ ነገ እስኪመጣ ጠበቁ ማለት ነው! ማሽኑ ውጤቱን የሚያወጣው በተበሳ ካርድ ሲሆን፣ ካርዱን መደርደሩና መልሶ ማጉረሱ የሰው ሥራ ነበር። ለተመራማሪዎቹ የማሽኑን ቋንቋ ያስተማረችውና የመጨረሻውን ፕሮግራም ያረመችው ክላራ ፎን ኖይማን ናት። በጽሑፉ ውስጥ ስሟን የምታገኙት ምስጋናው ላይ ነው።

አምስት ዓመት እንሻገር። በ1955 ከሎስ አላሞስ አንድ ሪፖርት ወጣ። ኤንሪኮ ፌርሚ፣ ጆን ፓስታና ስታኒስላው ኡላም በምንጭ ሽቦ የተያያዙ እንክብሎችን ንዝረት በማኒያክ ኮምፒውተር አስመስለው ነበር። ጉልበቱ ቀስ በቀስ ለሁሉም የንዝረት ዓይነት ይዳረሳል ብለው ሲጠብቁ፣ ዞሮ ዞሮ ወደ ጀመረበት ሊመለስ ምንም አልቀረውም። ይህ ያልተጠበቀ ውጤት ለአንድ ሙሉ የፊዚክስ ዘርፍ መነሻ ሆነ። ፕሮግራሙን የጻፈችው ሜሪ ሲንጉ ነበረች። ሥራውን ከሠሩት ጋር ስሟ ቢጠቀስም ከጸሐፊዎቹ ተራ አልገባችም፤ ችግሩም ለአምስት ዐሥርት ዓመታት በሦስቱ ወንዶች ስም ብቻ ሲጠራ ኖረ። በ2008 አንድ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ነገሩን አንስቶ ከተከራከረ ወዲህ ነው ብዙዎች የእሷንም ስም መጨመር የጀመሩት።

ሦስተኛው ታሪክ ከሁሉም የታወቀው ነው። በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለ የኤምአይቲ ሜትሮሎጂስት ቢሮው ውስጥ ባስቀመጠው ኤልጂፒ-30 ኮምፒውተር የአየር ጠባይን ያስመስል ነበር። ማሽኑ የሚያትመው ረድፍ በረድፍ ቁጥር ነው። ዐይን የሚይዘው ነገር ለማግኘት ሎሬንዝ አንድ ዘዴ ፈጠረ፤ ማሽኑ ከቁጥሩ ይልቅ አንድ ምልክት እንዲያትም፣ ምልክቱም እንደ ቁጥሩ መጠን ከወረቀቱ ጠርዝ እንዲርቅ ወይም እንዲቀርብ አደረገ። ወረቀቱ ሲዘረጋ ምልክቶቹ ተያይዘው ሞገድ ሆኑ። አንድ ቀን ስሌቱን ከመካከል ሊደግም ፈልጎ 0.506127 የነበረውን 0.506 ብሎ አስገባ። ሁለቱ ሞገዶች መጀመሪያ ተደራርበው ሄዱ፤ ቆይተው ግን ፈጽሞ ተለያዩ። የቢራቢሮው ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ለዚያ ማሽን ፕሮግራም ትጽፍለት የነበረችው፣ ኋላ በአፖሎ ጉዞ የምትታወቀው ማርጋሬት ሐሚልተን ነበረች። እሷን የተካችው ኤለን ፌተር ደግሞ የ1963ቱን ዝነኛ ጽሑፍ ስሌቶች ያካሄደችና ስዕሎቹን ያዘጋጀች ናት። እሷስ የት ተጠቀሰች? ገምታችኋል፤ ምስጋናው ላይ።

ከዚህ በኋላ ሥራው ከሰው እጅ ወደ ትናንሽ ፕሮግራሞች እጅ መዛወር ጀመረ። ዳግላስ ማክልሮይ በ1964 በጻፈው ማስታወሻ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ አንዱ ካንዱ መቀጣጠል አለባቸው ብሎ ነበር። ኬን ቶምፕሰን ሐሳቡን በ1973 በዩኒክስ ላይ እውን አደረገው። ከዚያ ወዲያ አንድ ተመራማሪ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ትዕዛዝ ጽፎ፣ የአንዱ ፕሮግራም ውጤት ወደ ሌላው እንዲፈስ ማድረግ ቻለ። በ1986 ጂኑፕሎት መጣ፤ አጭር ትዕዛዝ ሲሰጡት የቁጥር ፋይሉን ኩርባ አድርጎ የሚስል ፕሮግራም ነው። በዚያው ዐሥርት መጨረሻ ኮሎራዶ፣ ቦልደር የሚገኘው ዩኒዳታ ኔትሲዲኤፍ የተባለውን የፋይል ዓይነት አበጀ። በ1995 በዚህ ፋይል ላይ የሚሠሩት የኤንሲኦ ትዕዛዞች ተጀመሩ፤ ሀምቡርግ ያለው የማክስ ፕላንክ የሜትሮሎጂ ተቋምም ሲዲኦ የተባለውን መሣሪያ ሠራ።

እነዚህ መሣሪያዎች ምን ያደርጋሉ? የአየር ንብረት ሲሙሌሽን ፋይል ኬንትሮስ፣ ኬክሮስ፣ ከፍታና ጊዜ ያለው የቁጥር መጋዘን ነው። ወረቀት ግን ያለው ቁመትና ወርድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ከፍታ ይመረጣል፣ ጊዜው በአማካይ ይጠቀለላል፣ ነጥቦቹ ወደ ሌላ መረብ ይዛወራሉ፣ በመጨረሻም ቀለም ይቀባል። እያንዳንዱ እርምጃ የሚጥለው ነገር አለ። የወሩን ዝናብ በአማካይ ብቻ ካያችሁ፣ በአንድ ሌሊት ወርዶ ድልድይ የወሰደው ዶፍ ከስዕሉ ይጠፋል።

ቀለሙም ቢሆን ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። በ2011 ሚሼል ቦርኪንና ባልደረቦቿ በሐርቫርድ አንድ ጥናት አሳተሙ። በልብ የደም ቧንቧዎች ውስጥ ያለው የደም ፍሰት በኮምፒውተር ተሰልቷል፤ ከዚያ ሰዎች በስዕሉ ላይ ለበሽታ የተጋለጡትን ቦታዎች እንዲለዩ ተጠየቁ። በተለመደው የቀስተ ደመና ቀለም በሦስት ገጽታ የቀረበውን ያዩት 39 በመቶውን ብቻ ለዩ። ቧንቧው ጠፍጣፋ ተደርጎ በተሻለ ቀለም ሲቀርብ 91 በመቶ ደረሰ። ቁጥሩ ያው፣ ልቡም ያው ነው፤ የተለወጠው አሳሳሉ ብቻ ነው።

ይህ ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ከ1998 ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ትንበያ ባለሙያዎች እየተሰበሰቡ ለመጪው ወቅት የጋራ ትንበያ ያወጣሉ። ትንበያው ለእያንዳንዱ አካባቢ ሦስት ዕድሎችን ይሰጣል፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች። የበለጠውን ዕድል ብቻ በአንድ ቀለም ቀብተን ብንለቅ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ከአንባቢው ዐይን ይሰወራሉ። ዘሩን ይዝራ አይዝራ የሚያመነታ ገበሬ 45 በመቶውን እንደ ቁርጥ ነገር ሊወስደው ይችላል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? አንዱ መልስ እዚያው ጥቁር ስክሪን ላይ አለ። በመዳፊት እየጫንን የሠራነው ስዕል እንዴት እንደተሠራ በማግሥቱ እኛው ራሳችን አናስታውሰውም። የተጻፈ ትዕዛዝ ግን ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ሊሞክረው ይችላል። ኤንሲኦና ሲዲኦማ ከዚህም አልፈው፣ ፋይሉን በነኩት ቁጥር የተሰጣቸውን ትዕዛዝ ከነቀኑ "ታሪክ" በሚል ስም እፋይሉ ውስጥ ይመዘግባሉ። ፋይሉ የዘር ሐረጉን ይዞ ይዞራል።

የአገራችን ብራና ጸሐፊዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ ስማቸውን ጽፈው አንባቢው በጸሎት እንዲያስባቸው የሚማጸኑበት ልማድ አለ። በዚህም ገልባጩ ማን እንደነበር ይታወቃል። የክላራ፣ የሜሪና የኤለን ዘመን ግን ገልባጩን ወደ ምስጋናው ገፍቶ ረሳው፤ ከስማቸው ጋር "ይህ ስዕል እንዴት ተሠራ?" የሚለው ጥያቄም አብሮ ተረሳ። በሚቀጥለው ጊዜ ቀይና ሰማያዊ የተቀባ ካርታ ሲያጋጥማችሁ ይህን ጥያቄ ጠይቁልን። መልስ ያለው ካርታ ከሆነ ታሪኩን ለመናገር አያፍርም።