ጣሊያን ሄደ፣ ሞላው ቀረ

ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ… አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ አንድ የሞተር ሳይክል ጋራዥ ደጃፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ብትቆሙ ይሄን ሁሉ ትሰማላችሁ። ነጻ የጣሊያንኛ ኮርስ በሉት! እኔ ግን ዛሬ ከነዚህ ሁሉ አንዷን ብቻ መዝዤ ላወጋችሁ ነው፤ «ሞላ»ን።

ሞላ ያው ስፕሪንግ ነው። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ እነሱም እንደኛው «ላ»ን አጥብቀው ነው የሚጠሩት። ከ«ሞላ ጎደለ» ጋር ዝምድና የለውም ማለት ነው (እኔ ልጅ ሆኜ ያላቸው ይመስለኝ ነበር)።

ነገሩን ታሪክ የሚያደርገው ምን መሰላችሁ? ጣሊያን አገራችንን ይዞ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ነው። ያኔ አርባ ምንጭ የምትባል ከተማ የለችም። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከደጋው ከጨንቻ ተነስቶ ወደ ቆላው፣ ወደ አባያና ጫሞ ሐይቆች ዳር የወረደው በ1950ዎቹ ዓ.ም ነው። እና ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ያህል ቆይታ የተቆረቆረች ከተማ እንዴት ጣሊያንኛ አፏን ፈታች?

መልሱ ጣሊያን በ1933 ሙሉ በሙሉ አለመውጣቱ ላይ ነው። ጃንሆይ ሲመለሱ ሕዝቡ በጣሊያኖች ላይ በቀል እንዳይፈጽም አዘዋል። እንግሊዞች ብዙውን ጣሊያናዊ ጠራርገው ወደ አገሩ ቢመልሱም፣ እጁ ሥራ የሚያውቀው፣ ግንበኛውና ሜካኒኩ፣ ከፊሉ እዚሁ ቀረ። መኪናውም ቀረ። የፊያትና የላንቺያ የጭነት መኪና ሲበላሽ ጠጋኙ ጣሊያናዊ፣ ቁልፍ አቀባዩ የእኛ ልጅ ነበር። ልጁ አንድም ቀን ክፍል ገብቶ አልተማረም፤ «ፒንሳ!» ሲባል ፒንሳ፣ «ሞላ!» ሲባል ሞላ እያቀበለ ነው ሙያውን የያዘው። ያ ልጅ በተራው ሌላ ረዳት ቀጠረ። ረዳቱ አድጎ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ጣሊያንኛው እንዲህ እንዲህ እያለ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ተጓዘ።

እንግሊዝኛ ዕድል አላገኘም እንዳትሉ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም ሲቋቋም ገንዘቡ የዓለም ባንክ ብድር፣ መሐንዲሶቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ማሽኑም ማኑዋሉም በእንግሊዝኛ መጣ። ጋራዡ ግን ፍንክች አላለም! ቢሮው «ብሬክ» እያለ ሲጽፍ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚፈታው ሰውዬ «ፍሬን» እያለ ኖረ። እስከ ዛሬ ያሸነፈው ማን እንደሆነ ታዩታላችሁ።

ወደ ሞተር ሳይክል ልምጣ። የወረራው ጦር ሞቶ ጉዚ፣ ጊሌራ፣ ቢያንኪና ቤኔሊ እየነዳ የሚዋጋ ጦር ነበር። በዚያ ዘመን በነበሩት የጣሊያንና የእንግሊዝ ሞተሮች ላይ፣ የእግር ማርሽ ካላቸው፣ ማርሹ ብዙውን ጊዜ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ ነው። በፈረንጅ 1974 አሜሪካ «ማርሽ በግራ፣ የኋላ ፍሬን በቀኝ» ብላ በሕግ ደነገገች፤ ዓለም ተከተላት። ያ ዓመት የእኛም አብዮት የፈነዳበት ነው፤ ያማሃ ዲቲ 125ን ያወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ዲቲና ለግብርና ተብላ የተሠራችው ኤጂ 100 በኋላ አገራችን ገብተው የገጠር ባለሙያ እግር ሆኑ። ጃፓኖች ናቸው፤ ማኑዋላቸው እንግሊዝኛ ነው። የፍሬን ፔዳላቸውን የምትመልሰው ስፕሪንግ ግን ጋራዥ ስትገባ ስሟ ተቀየረ፤ ሞላ ሆነች።

ይህቺ ሞላ ምን ትሠራለች? ፔዳሉን ትረግጡታላችሁ፤ ዘንጉ ይሳብና ታምቡሩ ውስጥ ያሉት ሁለት የፍሬን ሸራዎች ተከፍተው ግድግዳውን ይይዛሉ። እግራችሁን ስታነሱ ፔዳሉን ወደ ቦታው የምትመልሰው እሷ ናት። ከላላች ፔዳሉ ሳይመለስ በከፊል እንደተረገጠ ይቀራል። ሸራው ታምቡሩን እየላሰ ይሄዳል፣ ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው ይቃጠላል፤ ከዚያ የእውነት ፍሬን የፈለጋችሁ ቀን ፔዳሉ ይወርዳል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም።

አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ይሄ ነገር ብስጭት ነው። ጋሞ ውስጥ ሌላ ነው። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አርባ ምንጭ 1,300 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጭጋጉን ለብሳችሁ ተነስታችሁ፣ ዶርዜን አልፋችሁ፣ ሙዝና ማንጎ አገር ትወርዳላችሁ። ዲቲና ኤጂ ደግሞ ዘይት ከቤንዚን ጋር አብረው የሚያቃጥሉ ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ በማርሽ ብቻ ልያዛት ብትሉ እምብዛም አትያዝም። ነዳጅ ዘግታችሁ ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ ለሞተሩ የሚደርሰው ዘይትም ይቀንሳል። ስለዚህ ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ነው፤ የፍሬኑ ጤና ደግሞ የአንዲት ሞላ ጉዳይ ነው።

(በነገራችን ላይ የዶርዜ ሸማኔ ይህ ችግር የለበትም። በሸማ ዕቃው ላይ ሁለቱ የእግር መርገጫዎች በገመድ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ሞላ የለ፣ ጣሊያንኛ የለ! እንዲህ ያለ መላ ያለው አገር ሞተር ሳይክል ቢፈለስፍ ኖሮ ፍሬኑን እንዴት ያደርገው ነበር እያልኩ አስባለሁ።)

አሁን ወደ ትግሉ። የወለቀችን ሞላ መመለስ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዱን ጫፍ ፍሬሙ ላይ ትሰካላችሁ፤ ሌላው ጫፍ ፔዳሉ ጋ ሊደርስ አንድ ጣት ይቀረዋል። በፒንሳ ስትስቡት ያመልጥና ጣት ይቀጠቅጣል፤ ዓይን ላይ ቢያርፍ ደግሞ ወሬው ሌላ ነው። ብልሃተኞቹ ጠንካራ ሲባጎ በመንጠቆው አሳልፈው፣ ጫፉን ካቻቪቴ እጀታ ላይ ጠምጥመው ነው የሚስቡት። ከዚያ የበለጠችው ብልሃት የሳንቲም ናት። ሞላዋን ወደ አንድ ጎን ታጥፋላችሁ፤ ጥምዝምዟ ሲከፈት በየክፍተቱ ሳንቲም ትከታላችሁ። ወደ ሌላ ጎን አጥፋችሁ ትደግማላችሁ። ሞላዋ ተዘርግታ ትቀራለች፣ ያለ ጉልበት ትሰካለች። ከዚያ ፔዳሉን አንዴ መርገጥ ነው፤ ሳንቲሞቹ እየተንጠባጠቡ ይወርዳሉ። አሥር ሳንቲም ምንም በማይገዛበት ዘመን ጥሩ ሥራ አገኘች።

የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ስለ ወረራው በትምህርት ቤት ስንማር ማይጨውን፣ የካቲት 12ን፣ አርበኞቹን ተማርን፤ መማርም ይገባናል። «ሞላ!» ሲባል ሞላ ያቀበለውን ልጅ ግን ማንም አልነገረን። ያ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ ዘጠናውን አልፏል። ከሱ የተማሩት ሽማግሌ ሜካኒኮች ግን አሁንም አሉ፤ መቅረጸ ድምፅ ያለው ስልክ ደግሞ በየኪሳችን ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም ሞተር ሳይክልን ገደበች፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ባትሪ ጠጋኝ ትውልድ ካንዴላ አያስፈልገውም፣ ማርሚታም አያውቅም። ፍሬንና ሞላ ግን ባለ ባትሪውም ላይ አሉ።

ሞላዋ ከገባች በኋላ የቀረው ቀላል ነው። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስታችሁ በእጅ ታሽከረክራላችሁ፣ ፔዳሉን ረግጣችሁ ትለቃላችሁ። ጎማው ያለ ምንም ማጉረምረም ከዞረ፣ ነገ ጠዋት ጨንቻ ወጥቶ መውረድ ይቻላል።