ባለ ፊርማው ማርሻል

የናዚዎች ነገር ሲነሣ ሁላችንም የምንጠራው ሂትለርን፣ ሂምለርንና ጎሪንግን ነው። ዛሬ የምናወሳው ግን ከእነሱ ኋላ ብዕሩን ይዞ ይቆም የነበረውን ሰው ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቪልሄልም ካይተል በ1882 በሰሜን ጀርመን፣ በብራውንሽቫይግ ግዛት ሄልምሽሮደ በምትባል መንደር ከባለ ርስት ቤተሰብ ተወለደ። የልጅነት ምኞቱ እርሻ ነበር። አባቱ ርስቱን ለመልቀቅ ገና ስላልፈለገ ልጁ በ1901 ከመድፈኛ ጦር ገባ። በ1914 ፍላንደርስ ላይ በመድፍ ፍንጣሪ ቆሰለ፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛው ኑሮው ከጠረጴዛና ከካርታ ጋር ሆነ። ትጉህ ሠራተኛ ነበር፤ ይህን የሚነቅፉትም አይክዱትም።

በ1938 መጀመሪያ የጦር ሚኒስትሩ ፎን ብሎምበርግ ሲሻር ሂትለር የጦሩን የበላይ አዛዥነት ራሱ ያዘና ለአዲሱ ጠቅላይ መምሪያ ሹም ፈለገ። ብሎምበርግ በኋላ እንደ ተናገረው፣ ስለ ካይተል ሲጠየቅ እሱማ ቢሮዬን ከማስተዳደር በቀር ሌላ አያውቅም ብሎ መለሰ። ሂትለርም የምሻው እንዲህ ያለውን ነው አለና ሾመው። መኰንኖቹ ስሙን አጣመው «ላካይተል» ይሉት ነበር፤ «ላካይ» በጀርመንኛ አሽከር ማለት ነው።

በሰኔ 1940 ፈረንሳይ ስትሸነፍ በኮምፕዬኝ ጫካ፣ በባቡር ፉርጎ ውስጥ፣ የተኩስ ማቆሚያውን ውል በጀርመን ስም የፈረመው እሱ ነው። በማግሥቱ ወር የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ ተሰጠው። በዚያው ዓመት በኅዳር ኢንስብሩክ ላይ ከኢጣልያው ኤታማዦር ሹም ጋር ተቀምጦ ስለ ጦርነቱ መከረ። ያም ሰው ማርሻል ባዶልዮ ነው፤ አገራችንን በመርዝ ጋዝ የወጋው ያው ባዶልዮ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪኩ የወረቀት ታሪክ ነው። ሩሲያ ከመወረሯ በፊት፣ በግንቦት 1941፣ የጀርመን ወታደር በሲቪሉ ሕዝብ ላይ ለሚሠራው ወንጀል መከሰሱ ግዴታ እንዳይሆን የሚያዘውን ቀላጤ ፈረመ። በመስከረም የስለላው ሹም አድሚራል ካናሪስ፣ በሶቪየት ምርኮኞች ላይ የሚደረገው ከጦር ሕግ ውጭ ነው ሲል በጽሑፍ አመለከተ። ካይተል በወረቀቱ ላይ፣ ይህ ተቃውሞ የመጣው ጦርነትን እንደ ጨዋ ሰው ግጥሚያ ከሚቆጥር አስተሳሰብ ነው፣ እዚህ ግን የሚደመሰሰው አንድ ርዕዮተ ዓለም ነው፣ ስለዚህ እርምጃውን እደግፋለሁ ብሎ ጻፈ። ከተማረኩት 5.7 ሚሊዮን ገደማ የሶቪየት ወታደሮች መካከል 3.3 ሚሊዮን ያህሉ በረኃብ፣ በብርድ፣ በበሽታና በጥይት አለቁ።

በዚያው ወር በወጣ ሌላ ትእዛዝ፣ ለአንድ ጀርመናዊ ወታደር ሞት ከ50 እስከ 100 ኮሚኒስቶች እንዲገደሉ አዘዘ። ኮሚኒስቱን ከሌላው የሚለይ ግን አልነበረም። በጥቅምት 1941 ሰርቢያ ውስጥ ክራጉየቫጽ በተባለች ከተማ ከ2,000 የሚበልጥ ሰው ተረሸነ፤ ተማሪዎች ከክፍላቸው ከመምህሮቻቸው ጋር ተወስደዋል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሚሆነው ግን በታኅሣሥ 7 ቀን 1941 የፈረመው፣ «ሌሊትና ጉም» የተባለው ድንጋጌ ነው። ሐሳቡ የሂትለር ነው። በፈረንሳይ፣ በቤልጅግ፣ በሆላንድና በኖርዌይ ወራሪውን በመቃወም የተጠረጠረ ሰው ሞት ተፈርዶበት ቶሎ የማይገደል ከሆነ በምስጢር ወደ ጀርመን ይወሰዳል። ለጠያቂ ቤተሰብ መልስ አይሰጥም። እስረኛው ደብዳቤ አይጽፍም፣ አይደርሰውም፤ ቢሞትም መርዶ አይነገርለትም። ካይተል ለበታቾቹ ባስተላለፈው ማብራሪያ ምክንያቱን ገልጾታል፤ የሚያስፈራው ሞት ወይም ዘመድ የታሳሪውን መጨረሻ አለማወቁ ነው። ልብ በሉ፤ ቅጣቱ የታሰበው ለታሰረው ብቻ አይደለም፣ በር በሩን እያየች ለምትቀመጠው እናትም ነው። ሞት ልቅሶ አለው፣ ተዝካር አለው። እንዲህ ያለው መጥፋት ግን ማቅ ለመልበስም ሆነ ለማውለቅ አያስችልም። በዚህ ድንጋጌ 7,000 ያህል ሰዎች እንደ ተያዙ ይገመታል።

የካይተል የመጨረሻ ወንድ ልጅ በዚያው በ1941 በምሥራቁ ግንባር ሞቶ ነበር። አባት የልጁን ሞት ዐወቀ፤ መርዶው ደረሰው። በ1942 ስድሳ ዓመት ሲሞላው ሂትለር 250,000 ማርክ ስጦታ ሰጠው፣ እሱም ተቀበለ። በሐምሌ 1944 ሂትለርን ለመግደል የተደረገው ሙከራ ሲከሽፍም፣ የተጠረጠሩትን መኰንኖች ከሠራዊቱ እያስወጣ ለሕዝባዊው ፍርድ ቤት አሳልፎ በሚሰጠው ጉባኤ ላይ ተቀመጠ።

በግንቦት 1945 በርሊን ውስጥ ካርልስሆርስት ላይ የጀርመንን መሸነፍ ፈረመ። ኑረምበርግ ላይ ሲከሰስ ከማስረጃው ብዙው የገዛ ፊርማው ስለ ነበረ መካድ አልቻለም፤ የታዘዝሁትን ፈጸምሁ አለ። በመጨረሻ ቃሉም ማመኑን፣ መሳሳቱን፣ መከልከል የሚገባውን ለመከልከል ሳይችል መቅረቱን ተናገረ። «ሳይችል» ነው ያለው። የካናሪስ ወረቀት ግን አስጠንቃቂ እንደ ነበረው ይመሰክራል፤ እሱም አንብቦ መልስ ጽፎበታል። ዳኞቹ የበላይ ትእዛዝ ቅጣትን የሚያቀል ሆኖ አላገኙትም። በአራቱም ክሶች ጥፋተኛ አሉት።

ባዶልዮ ግን እንዲህ ካለ ችሎት አልቀረበም። ኢትዮጵያ ስሙን ከሌሎች ጋር በ1948 ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቅርባ ነበር፤ እሱ በ1956 በትውልድ መንደሩ ሞተ።

ካይተል እንደ ወታደር በጥይት እንዲገደል ለመነ፣ ተከለከለ። በጥቅምት 16 ቀን 1946 ተሰቀለ። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ወደ ኢዛር በሚገባ ወንዝ ተበተነ።