በቴሌግራፍ የተመራው ቀዶ ሕክምና

ሐኪምና ታማሚን በርቀት ማገናኘት ለብዙዎች የስማርት ስልክ ዘመን ፈጠራ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1917 በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሆልስ ክሪክ አካባቢ ጂሚ ዳርሲ የተባለ ከብት ጠባቂ ከፈረስ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። በከተማዋ ሐኪም አልነበረም። የተገኘው የመጀመሪያ ዕርዳታ የተማረው የፖስታ ቤት ኃላፊ ፍሬድ ተኬት ነው። ተኬት ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ፐርዝ ከተማ ያሉትን ዶክተር ሆላንድን በቴሌግራፍ አገኛቸው። ዶክተሩ ምልክቶቹን በሞርስ ኮድ ጠይቀው የሽንት ፊኛው እንደተቀደደ ገመቱ። በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና እንዲያደርግለትም አዘዙት። ተኬት ማደንዘዣ በሌለበት፣ የሚደርሰውን መልእክት እየተከተለ በኪስ ቢላ ሠራው።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። የዳርሲ ሕመም ግን እንደገና ጸና። ሆላንድ በከብት መጫኛ መርከብ፣ ቀጥሎም በመኪና ቀናት ተጉዘው ሲደርሱ ታማሚው በዋዜማው ሞቶ ነበር። ለሞት ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ወባ ነበር። የሐኪሙ ትእዛዝ በሽቦው ወዲያው ሲደርስ፣ ሐኪሙ ራሱ ሳይደርስ ቀረ።

አውስትራሊያውያን ከዚያ በኋላ ክፍተቱን አንድ በአንድ ደፈኑ። በቄስ ጆን ፍሊን አነሳሽነት፣ በግንቦት 1928 (እ.ኤ.አ.) ሐኪም በአውሮፕላን የሚሄድበት አገልግሎት ከክሎንከሪ ከተማ ተጀመረ። አውሮፕላኑን ለመጥራት መገናኛ ያስፈልጋል፤ በየእርሻው ደግሞ መብራት የለም። በ1929 አልፍሬድ ትሬገር ኃይሉን እንደ ብስክሌት በእግር ከሚዘወር ፔዳል የሚያገኝ ሬዲዮ ሠራ። ከ1942 ጀምሮም መድኃኒቶቹ ቁጥር የተለጠፈባቸው ሣጥኖች በየቤቱ ተቀመጡ። ሐኪሙ በሬዲዮ የመድኃኒቱን ቁጥር ይናገራል፣ የቤቱ ሰው ከሣጥኑ አውጥቶ ይሰጣል።

ኢትዮጵያም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሕንድ ለአፍሪካ ያቀደችው የኤሌክትሮኒክ መረብ ሙከራ ሲጀመር ጥቁር አንበሳና ነቀምቴ ሆስፒታሎች ሃይደራባድ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር ተገናኝተው ነበር። ሃይደራባድ ያለ ሐኪም ምስሉን አይቶ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። መድኃኒቱ መገኘት ያለበት ግን ነቀምቴ ነው።

ስለዚህ አዲስ የርቀት ሕክምና ፕሮጀክት ሲመረቅ መጠየቅ ያለበት ስለ መተግበሪያው ብቻ አይደለም። መብራት ሲጠፋ በምን ይሠራል? የታዘዘው መድኃኒት ጤና ኬላው ውስጥ አለ ወይ? ታማሚው ሪፈር ሲባል አምቡላንሱ ነዳጅ አለው? የዛሬዋ ተኬት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ስልክ ብቻ ሰጥቶ ሣጥኑን ባዶ መተው፣ በ1917 ወደነበረው ነገር መመለስ ነው።